ሽፍታ ይዞታል

ቅዳሜ ጠዋት፣ የቁርሱ ሳህን ከተነሳ በኋላ፣ ትራፊኩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ከዛሬ ጀምሮ ቀኝ ክንዱን ከትከሻው በላይ እንደማያነሳ ለቤተሰቡ በይፋ አስታወቀ።

ቤተሰቡ ማለት ሚስቱና አማቱ ናቸው። ሚስቱ የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፏ እየሰበሰበች ስለነበር ቀና አላለችም። አማቱ ግን የተነገረ ነገር መሬት እንዲወድቅ የማይፈቅዱ ሴት ናቸውና ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ምን ተገኘ ደግሞ?»

«ምንም አልተገኘም፣ እማማ። ውሳኔ ነው።»

«ክንዱን የማያነሳ ትራፊክ ምኑን ትራፊክ ሆነ? መንገድ መሃል የበቀለ ግንድ ነው እንጂ!»

ትራፊኩ ሻዩን ፉት አለ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ለግንድ ነገር መልስ አይሰጥም ብሎ ያምናል፤ በርግጥ በዚያች ሰዓት የለበሰው ካናቴራ ነበር። ሚስቱ ፍርፋሪውን ሳህን ላይ አራገፈችና ወደ እሱ ዞረች።

«አንሳው እስቲ።»

«አላነሳም አልኩ እኮ።»

«አንሳ!»

ሚስቱ የምትሠራው ሕፃናት ማቆያ ነው። ይህቺ «አንሳ» ደግሞ አንድ ክፍል ሙሉ የሚያለቅስ ሕፃን ቀጥ የምታደርግ «አንሳ» ናት። ትራፊኩ ሳያውቀው ክንዱ ተነሳ። ውሳኔው ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እንኳ ሳይቆይ ፈረሰ።

ሚስቱ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችውና ብብቱን እንደ ተቀደደ ልብስ አገላብጣ አየችው። ቀልቷል። ጥቃቅን ነገር ፈንጥቆበታል፤ የካናቴራው ጠርዝ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ሊላጥ ምንም አልቀረው።

«ሽፍታ ነው» አለች።

«ሽፍታ!» አሉ አማቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው። «በፖሊስ ብብት ስር? ጉድ ፈላ! በእኛ ጊዜ ሽፍታ ጫካ ነበር የሚገባው።»

የነገሩን ሥር ትራፊኩ በደንብ ያውቀዋል። አዲሱ ሸሚዝ ነው። ጨርቁን የመረጡትም፣ ቀድመው የለበሱትም አለቃው ራሳቸው ናቸው፤ አይጨማደድም፣ አይለቅም፣ ቆሻሻ አይዝም። ላብም አይጠጣም። የተሰጠውን ላብ አንዲት ጠብታ ሳያጎድል ለባለቤቱ ይመልሳል። ሸሚዙ የታደለ ዕለት አለቃው በሰልፉ ፊት እየተንጎራደዱ «እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ባልደረቦቹ ፊሽካ የሚሉት ጓደኛው ቀድሞ «ጌታዬ፣ ሁለተኛ ቆዳ ነው!» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ከዚያ ያነሰ ይናገራል? አንዱ «ለብሼው ሁሉ አይመስለኝም» አለ። ሌላው «ብሞት በዚህ ቅበሩኝ» አለ። ትራፊኩም ተራው ሲደርስ «እስከ ዛሬ ልብስ የለበስኩ አልመሰለኝም» አለ። ነገሩን አዙሮ ላየው ይህኛው እውነት ነበር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ሽፍታ ይህን ያህል አይጨነቅም። ግን ሰኞ ሌላ ቀን ነው። በማሰልጠኛው የእጅ ምልክት የሚያስተምሩት ሰውዬ ጡረታ ወጥተዋል፤ አለቃውም ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ምትካቸውን ይመርጣሉ። ማሰልጠኛው ጣሪያ አለው። ማራገቢያ አለው። ከሁሉም በላይ ወንበር አለው። ትራፊኩ ፀሐይ ከላይ፣ የመኪና ጭስ ከታች እየጠበሰው መስቀለኛ መንገድ መሃል ቆሞ የኖረ ሰው ነውና ያንን ወንበር በሕልሙ ሳይቀር ተቀምጦበታል። ክንዱ ሲዘረጋ በውኃ ልክ የተለካ ይመስላል፤ በዚህ የሚቀናበት እንጂ የሚክደው የለም። ታዲያ ሰኞ ያ ክንድ ቢንቀጠቀጥ? ወይም ደግሞ በሽፍታው ምክንያት የሸሚዙ ስም ቢነሳ? በምርጫ ዋዜማ የአለቃን ሸሚዝ ማማት የአለቃን ዓይን ከመውጋት አይለይም። ወደ ክሊኒክ እንዳይሄድ፣ የፖሊስ ግቢያቸው ክሊኒክ ነርስ የአለቃው ሚስት እህት ናቸው። ስለዚህ ሽፍታው እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ያለ ወሬ፣ እስከ ሰኞ ድረስ እጅ መስጠት ነበረበት።

«ለእኔ ተዉት» አሉ አማቱ።

«ለእኔ ተዉት» አለች ሚስቱም።

ትራፊኩ ሁለት አምቡላንስ በአንድ ጊዜ መጥተውበት ያውቃሉ፤ የትኛውን እንደሚያሳልፍ ደንቡ ይነግረዋል። ለሚስትና ለአማት ግን ደንብ አልወጣም። ሚስቱ ቅባት ልትገዛ ወጣ ስትል መንገዱ ለአማቱ ተለቀቀ።

የአማቱ መድኃኒት ሎሚና ጨው ነበር። ምን እንደሆነ በደንብ ሳይገባው በፊት ተቀባ። ከመታጠቢያ ቤቱ የወጣው ድምፅ የጎረቤቱን ሬዲዮ ዝም አሰኘው።

«መቃጠሉ መድኃኒትነቱ ነው» አሉ አማቱ ደጃፉ ላይ ቆመው።

«ታዲያ እሳቱን ራሱን ለምን አይቀቡኝም፣ እማማ?»

«አትቸኩል። እንደርስበታለን።»

ሚስቱ ስትመለስ ባሏን ክንዱን እንደ ተሰበረ ክንፍ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ አገኘችው። የግማሽ ሎሚውን ልጣጭ አየች። የጨው ዕቃውን አየች። ከዚያ እናቷን አየች።

«እማዬ፣ ሰላጣ ነው የምትሠሪው?»

«አንቺን ያሳደግኩሽ በዚህ ነው!»

«አውቃለሁ። አልረሳሁትም።»

ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ በሚስቱ እጅ ገባ። እሷ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ በዳይፐር የቀላ የሕፃን ገላ ስታይ የምትውል ሴት ናት፤ ብብትም ሆነ ቂጥ፣ ታፍኖ የረጠበ ቆዳ ጠባዩ አንድ ነው ትላለች። ሎሚውን ለብ ባለ ውኃ አጠበችው። ሽታ ያለው ሳሙና አልነካም አለች። የሚቀባውን ሽቶም ከመስታወቱ ስር አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ዘጋችበት። ሊያሻው ሲል እጁን መታችው፤ ፎጣውን ጫን ነሳ፣ ጫን ነሳ እያደረገች አደረቀችው። በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ አሳረፈችበት። እንደገና አደረቀችው። ከዚያ ለሕፃናቱ የምትጠቀምበትን ዓይነት ነጭ ቅባት በስሱ አስነካችውና መስኮት ስር አስቀመጠችው፤ ክንዱ ወደ ላይ፣ መዳፉ ከራሱ ኋላ። ለሚያየው ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ የሚዝናና ጌታ ይመስል ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሚስቱ ይህን ሥራ ያለ ሥራ ቦታዋ አነጋገር መሥራት አትችልም።

«ጎበዝ! የኔ አንበሳ! አሁን ደግሞ ያኛውን ብብት እንየው!»

«ኧረ ሰው ይሰማል።»

«ማነው ጎበዝ?»

ትራፊኩ ጣሪያውን አየ። ከጓዳ የአማቱ ጆሮ ቀና ማለቱ ይሰማው ነበር።

«ማነው ጎበዝ?»

«እኔ» አለ ቀስ ብሎ።

እሁድ ማታ ቅላቱ ወደ ሮዝ ተመለሰ። ማቃጠሉ ተወው፤ የቀረችው እንደ መጥፎ እንግዳ ቶሎ የማትሄድ ትንሽ ማሳከክ ናት። ሚስቱ በሥራዋ ረክታ የቅባቱን ክዳን ገጠመች።

«ደግሞ ብልጥ ልሁን እንዳትል» አለችው። «ከሰፋ፣ መግል ከያዘ፣ ወይ ከቆየ፣ ነርሷ የአለቃው ሚስት እህት ሳይሆኑ ሚስትም ቢሆኑ ትሄዳታለህ።»

«እሄዳለሁ። ግን ነገ ሸሚዙን ስለብሰው ዞሮ ይመጣል እኮ።»

ሚስቱ አሰበችበት። ከመሳቢያ ትንሿን መቀስ አወጣች፤ ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘርግታ የሁለቱንም ብብት ስፌት አንድ በአንድ እየቆረጠች ፈታችው። ሥራዋ ንጹሕ ነበር፤ ክንድ ወደ ታች ካለ ምንም አይታይም።

«አየር ይግባበት» አለች።

«ቢታይስ?»

«የሚታየው ክንድህን ስታነሳ ብቻ ነው።»

«ሥራዬ እኮ ክንድ ማንሳት ነው!»

አማቱ ከሎሚው ጀምሮ አኩርፈው ነበር። አሁን ግን አላስቻላቸውም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ እሰማ ነበር። አንተስ ብሰህ ቁጭ አልክ፤ የቆጡንም ማውረድ አትችል፣ የብብትህንም መጣል አቃተህ!»

ትራፊኩ ሳቀ። ከዚያም ክንዱን ዘረጋ። ክንዱ አልተንቀጠቀጠም። አለቃው የሚያዩት ክንዴን ነው፣ ብብት የሚያይ አለቃ የትም አገር የለም ሲል ራሱን አሳመነ፤ ራሱን ማሳመን ደግሞ ሁልጊዜም አይከብደውም።

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ቅባቱ ሳይደርቅ ሸሚዝ አይለበስም ብላ ያዘችው። ለሰልፉ ሊረፍድ ሆነ። «ፊሽካ ጋ ደውዪና ጉዳይ ይዞታል በዪው» አላት ክንዱን መስኮቱ ላይ አሰጥቶ።

ሚስቱ ግን ልጆች ዋሽተው ሲያጋጥሟት ጥግ የምታስቆም ሴት ናት። ደግሞም ፊሽካ ጓደኛ ነው። ደወለች።

ፊሽካ ስሙን ያገኘው በመንገድ ላይ ከሁሉም አብልጦ በመንፋቱ ነው። ጠዋት ማታ የሚነፋው ደግሞ የገዛ ጆሮው ስር ስለሆነ፣ ከሚባለው የሚሰማው ግማሹን ብቻ ነው። ያን ጊዜም የቆመው ሞተር ሳይክሎች በሚያጓሩበት በፖሊስ ግቢው መሃል ነበር።

«ባለቤቴ ትንሽ ይዘገያል» አለችው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ፤ ሽፍታ ይዞታል።»

«ሽፍታ ይዟል?» አለ ፊሽካ። እሷ ደግሞ በሞተሩ ጩኸት መሃል የሰማችው የራሷን ቃል ነበር።

«አዎ። ቀኝ ብብቱ ስር። ቅዳሜና እሁድ ስንታገለው ነው የሰነበትነው። እናቴማ ሎሚና ጨው ሁሉ አድርጋበት ነበር። አሁን ረጭ ብሏል። በል ለማንም እንዳትናገር!»

ፊሽካ ለማንም አልተናገረም። ለሁሉም ነው የተናገረው።

ትራፊኩ ግቢው ሲደርስ ሁለት ሐብሐብ በብብቱ እንደያዘ ሰው ክንዶቹን ከጎኑ አራርቆ ነበር የሚራመደው። የሰልፉ ሰዎችም እንዲሁ ክንዳቸውን ከፈት አድርገው ቆመው አያቸው፤ አለቃ ፊት ደረትን መንፋት ነው ብሎ አለፈው። መዘግየቱን ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ሰልፉ በሙሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ደግሞ ለየት ያለ ነበር፤ ክርን ሳይንቀሳቀስ፣ በጣት ጫፍ ብቻ።

አለቃው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ወደ እሱ መጡ። ሆዳቸው ቀድሞ፣ እሳቸው ተከትለው።

«ሽፍታ ይዘሃል አሉኝ» አሉት።

ትራፊኩ ፊሽካን በዓይኑ ወጋው። ፊሽካ ጥርሱን አሳየው። እንግዲህ ወሬው ከወጣ ወጣ፤ መካድ አያዋጣም።

«እውነት ነው፣ ጌታዬ።»

«የት ላይ?»

«ቀኝ ብብቴ ስር ነው፣ ጌታዬ።»

አለቃው ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ሰማችሁ? አንገቱን በብብቱ!»

«አንገት ጋ አልደረሰም፣ ጌታዬ። ወደ ጀርባ ሊሄድ ሲል ነው የገታነው።»

«ሊያመልጥ ሲል!» አሉ አለቃው። «ብቻህን ነበርክ?»

«ባለቤቴ ነበረች። እናቷም በሎሚና በጨው ሞክረውት ነበር።»

አለቃው ቅንድባቸውን ሰቀሉ። ብዙ የምርመራ ስልት ያውቃሉ፤ ይህን ግን ሰምተው አያውቁም።

«ጮኸ?»

«የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አሁንስ በማን እጅ ነው?»

«በባለቤቴ ቁጥጥር ስር ነው። ሕፃናት ማቆያ ነው የምትሠራው፤ ልምድ አላት።»

«እኔም እኮ ቅዳሜ እዚያ ሰፈር ሳልፍ ትግሉን አይቻለሁ» አለ ፊሽካ ከሰልፉ ውስጥ። «ፊሽካ ባልነፋ ኖሮ...»

«እኔም ከሩቅ አይቻለሁ» አለ ከጎኑ የቆመው። «ሰውዬው ግዙፍ ነው።»

ትራፊኩ ግራ ገባው። ሰውዬው?

«ታጥቆ ነበር?» አሉ አለቃው።

ያን ጊዜ ነው የገባው። ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ እየሞቀ መጣ፤ ብብቱ ጋ ሲደርስ ትንሽ አሳከከው። ነገሩን ማቅናት ቀላል ነበር። ጌታዬ፣ ሽፍታ አልያዝኩም፣ ሽፍታ ነው የያዘኝ ቢል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ቀጥሎ ከምን የመጣ ነው ይባላል። ከሸሚዙ። ሸሚዙን ማን መረጠው? አፉን ከፈተ፤ አለቃው ቀደሙት።

«ይኼ ሰው አይናገርም! ጀግና እንዲህ ነው፤ ሌላው ያወራለታል። ከዛሬ ጀምሮ በማሰልጠኛው የእጅ ምልክት አሰልጣኝ አድርጌሃለሁ!»

የተከፈተ አፍ ባዶውን መዘጋት የለበትምና ትራፊኩ «አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ» አለ።

«በል እንግዲህ» አሉ አለቃው እየተደሰቱ። «የመጀመሪያውን ትምህርት እዚሁ ስጠን። ቁም የሚለውን።»

ትራፊኩ ከሰልፉ ፊት ለፊት ቆመ። የተፈታው ስፌት ትዝ አለው። ወንበሩም ትዝ አለው፤ ማራገቢያውም። ሚስቱ «ማነው ጎበዝ?» ስትል በጆሮው መጣችበት።

«ቀኝ እጅ፣ ወደ ላይ!» ብሎ ክንዱን አነሳ።

ክንዱ ቀጥ አለ። መዳፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ተከፈተ። በተፈታው ስፌት ቀዝቃዛ የጠዋት አየር ገባ፤ ምንም አላመመውም። እንዲህ ዓይነት ክንድ በዚያ ግቢ ታይቶ አይታወቅም ቢባል ማጋነን አልነበረም።

ሰልፉ ግን ክንዱን አላነሳም። ከፊሎቹ ክርናቸውን ጎናቸው ላይ እንደለጠፉ መዳፋቸውን ብቻ ብቅ አደረጉ፤ ታክሲ ለማስቆም የሚያፍር ሰው ይመስላሉ። ፊሽካ የራሱን መዳፍ ትከሻው ላይ አድርጎ ጆሮውን የሚያክክ መሰለ። ማንም ማንንም አያይም።

«ምንድነው ይኼ?» ብለው ጮኹ አለቃው። «እጅ ማንሳት ነው ያቃታችሁ? አሰልጣኛችሁን አታዩም? ከትከሻ ነው! እኔን ተመልከቱ፣ ከእኔ ጋር፣ በአንድ ጊዜ! ወደ ላይ!»

ክንዳቸውን ወደ ላይ ወረወሩት። ሰልፉም ምርጫ አልነበረውምና አብሮ ወረወረ።

ከዳር እስከ ዳር፣ በእያንዳንዱ ብብት ስር የተፈታ ስፌት አፉን ከፈተ፤ በውስጡም የጠዋቷ ፀሐይ ገባች። ከአንዱ የሕፃናት ገላ የሚነሰነስበት ነጭ ዱቄት ቡን አለ። «ብሞት በዚህ ቅበሩኝ» ካለው ሰው ለማብረጃ የተወሸቀች የጎመን ቅጠል ወጥታ ጫማው ላይ አረፈች። ከፊሽካ ብብት የተጠቀለለ ጥጥ ቀስ እያለ ወረደ። ሁሉም ዓይኑን ፊት ለፊት ተክሎ ቀረ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

ከአለቃው ብብት ደግሞ በስሱ የተቆረጠች ክብ የድንች ቁራጭ ሾለከች። መሬት ነካች፣ በጠርዟ ቆመች፣ በሰልፉና በአሰልጣኙ መካከል እየተንከባለለች ግቢውን አቋረጠች። የትራፊኩ እጅ ገና እንደተነሳ፣ መዳፉ እንደተከፈተ ነበር።

ድንቿ እግሩ ስር ስትደርስ ቆመች።